ጆሮዬ የጾመበት ሁዳዴ

የልጅ ልጆቼ የሰው ወሬ ከጠዋት እስከ ማታ በእጃቸው ይዘው ይዞራሉ። ያልተላከላቸውን ያነባሉ፣ ያልጠሯቸውን ሰዎች ጠብ ያያሉ፤ «ተዉት እንጂ» ስላቸው ደግሞ «እማማ፣ አንቺ እኮ ይሄ ነገር አይገባሽም» ይሉኛል። እኔ ግን ከነሱ በፊት፣ በጃንሆይ ዘመን፣ የአንድ ከተማ ሙሉ ወሬ በአውራ ጣቴ ሥር ነበር። እሱን መተው ምን እንደሚመስል፣ ምንስ እንዳተረፈልኝ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ያኔ ሰበታ ውስጥ ስልክ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሁሉም የሚያልፈው በእኔ እጅ ነው። ከጅማው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ስልክ ቤት ነበረችን። በአንድ በኩል የእኔ ሰሌዳ ከነገመዶቹ፣ በሌላ በኩል ቤቱ ስልክ ለሌለው ሰው የምታገለግል ባለመስታወት ካቢን። ደዋዩ የስልኩን እጀታ ሲያዞር ሰሌዳዬ ላይ ያለች ትንሽ የብረት ክዳን ጠብ ትላለች። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማንን እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ፣ ገመዱን ሰክቼ አገናኛለሁ፣ መገናኘታቸውን አረጋግጬ የማዳመጫዋን ቁልፍ እመልሳለሁ። ቁልፏ ስትመለስ ለእኔ አይሰማም።

ደንቡ ይህ ነበር፤ ከተማው ግን የራሱን ደንብ አውጥቷል። ማዞሪያዋ፣ ማለትም እኔ፣ ትሰማለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የተቆጣም አልነበረም። እንዲያውም ይጠቀሙበታል። ከገበያው ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው ሐጂ መርካቶ ካለው ወንድማቸው ጋር እያወሩ ድንገት «አንቺ ልጅ፣ እየሰማሽ አይደል? ዛሬ እዚያው ስለማድር ለቤት ሰው ንገሪልኝ» ይሉኛል። ሁለት እህትማማቾች በስልክ ሲጨቃጨቁ አንደኛዋ «እሺ ማዞሪያዋ ትፍረድ!» ያለችበትን ቀን አልረሳውም። ፈረድኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ወሬም ይጥመኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት የቅበላ ሰሞን፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ንግግራቸውም እንደዚያው ያጠረ ሰው ነበሩ፤ መምሬ እንላቸዋለን። ዘንድሮ በጾሜ ላይ ምን ልጨምር ብዬ ጠየቅኳቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልልም፣ ስግደትም አላስታጉልም፤ ሌላ የሚጨመር ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር። እውነቱን ለመናገር «ጎበዝ» እንዲሉኝ ነበር የሄድኩት።

«ሆድሽስ ለምዶታል» አሉኝ። «እንጀራሽን የምትበዪው በምንሽ ነው?»

«ሥራዬን ማለትዎ ነው? ስልክ ቤት።»

«እኮ በምንሽ?»

«በጆሮዬ።»

«እንግዲያውስ ጆሮሽን ጹሚ። የተጠራሽበትን ስሚ፤ ሌላውን ተዪ።» ከተነሣሁ በኋላ ደግሞ ጠሩኝና «ለማንም እንዳትነግሪ። በስልክ እንዳታስለፍፊው» አሉኝ፤ ሳቅ ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀላል መስሎኝ ነበር። የሆድ ረኃብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያልፋል፤ የጆሮ ረኃብ ግን ሰዓት የለውም። አንዲት ሴት «ጉድ ልንገርሽ» ብላ ስትጀምር ቁልፏን መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ የሠራበት ያውቀዋል። እጄ ሳላዘው ወደ ቁልፏ ይሄድብኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ዘዴ አገኘሁለት፤ ሁለቱ ሰዎች «ሃሎ፣ ሃሎ» ከተባባሉልኝ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አውልቄ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ክዳኗ እስክትወድቅና ንግግሩ ማለቁን እስክታስታውቀኝ እጠብቃለሁ። ሰው ሳይሰማ ሲቀር ማየት ይጀምራል። ካቢን ውስጥ ያለውን ሰው በመስታወቱ ማየት ለመድኩ፤ ማን እየተቆጣ እንደሆነ፣ ማን እየለመነ፣ ማን እየዋሸ፣ ድምፅ ሳይኖር ከትከሻው ይታወቀኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጉዳይ ነበረብኝ። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ባለከረባት ወጣት ከጥምቀት ወዲህ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። አጎቱ የአባቴ የአገር ልጅ፣ በጣም የሚያከብሩት ወዳጃቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው መጡ፤ አባቴ «ላስብበት» ብለው ሸኟቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ጠያቂዬ እናቴ ነበረች፣ እሷም ካረፈች ቆይታለች።

ወጣቱን አንድ ቀን ብቻ በደንብ አየሁት፣ ያውም በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት። ወደ ዘመዶቹ መጥቶ ኖሮ ስልክ ሊደውል ገባ። ካቢኑ ውስጥ ከተፍኪ ወገን የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ስለተኛው ልጃቸው ሊጠይቁ ነበር የመጡት። እንደ ብዙ ሰው፣ አዲስ አበባ ሩቅ ስለሆነ መጮህ ያለባቸው መስሏቸው በኦሮምኛ ይጮኻሉ። ወጣቱ ትንሽ ቆመና መስታወቱን በቀለበቱ ያንኳኳ ጀመር። «ኧረ ሽማግሌው፣ ቶሎ ይበሉ! እርሻ ላይ ነው እንዴ ያሉት?» ሽማግሌው ደነገጡ፤ ነገራቸውን ሳይጨርሱ ስልኩን ዘግተው ወጡ። «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው አመስግነውኝ፣ ልጄ ብለውኝ፣ ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። የልጃቸው ወሬ በአፋቸው ላይ እንደቀረ ከትከሻቸው አየሁት።

ያን ወጣት የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ምላሴ ላይ ተደርድሮ ነበር። እንኳን ጾም ሆነ። «ይግቡ፣ መስመርዎ ደርሷል» አልኩት፣ አገናኘሁት፣ ማዳመጫዬን ሰቀልኩ። ስለ ማን እንደሚያወራ ማወቅ እንኳ አልፈለግሁም። እሱ ሲወጣ ግን የስልክ ቤቱን ዘበኛ ልኬ ሽማግሌውን ከመንገድ አስመለስኩና መስመሩን እንደገና ሰጠኋቸው። ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ልጃቸው መዳኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ።

ይህን ወጣት አልወደውም። ግን ለማን ልንገር? አባቴን አታውቋቸውም።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ከሰሜን በወጣትነታቸው መጥተው ሰበታ የቀሩ። ገበያ ላይ ከገበሬው ጋር «አካም ቡልቴ» ተባብለው በኦሮምኛ ሲጫወቱ ጥርሳቸው አይከደንም፤ ቤት ሲገቡ ግን አፋቸው ይታሰራል። እናቴ በሕይወት ሳለች ለእኔ የሚሉትን ሁሉ ለእሷ ይነግሯታል፣ እሷ ለእኔ ታደርሳለች። እሷ ስታርፍ ሥራው ለድመታችን ተላለፈ። «ድመቴ፣ ይሄ ወጥ ጨው አልበዛበትም?» ይላሉ፣ እኔን ሳያዩ። «ድመቴ፣ ይቺ ልጅ በዚህ ብርድ በሻርፕ ነው እንዴ ሥራ የምትሄደው?» ይላሉ፤ ሰንበት ሳይል ወፍራም ካፖርት አልጋዬ ላይ ተጣጥፎ ይጠብቀኛል። እኔም ለድመቷ አመሰግናለሁ። አባቴ እንደሚወዱኝ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም፤ ፊት ለፊት መነጋገር ግን አናውቅበትም ነበር። የጨውና የካፖርት ነገር በድመት ያልፋል። ያገባሻል የተባለ ሰው ደግሞ እንኳን ለአባት፣ ለድመትም የሚነገር አልመሰለኝም።

ጾሙ ሲገፋ ከተማው አኮረፈኝ። ሐጂ አንድ ቀን ስልክ ቤት ድረስ መጡ። «እኔ መርካቶ አድሬ የቤት ሰው ሲፈልገኝ አደረ! ንገሪልኝ ብዬሽ አልነበር እንዴ?»

«አልሰማሁም፣ ሐጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አልሰማሁም? አንቺ?» ዙሪያቸውን አዩ፣ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ምስክር እንደሚያደርግ ሰው። «ኮርታለች በሉኛ!»

እየጾምኩ ነው ብላቸው ከማንም ቀድመው እሳቸው ይረዱኝ ነበር፤ ረመዳን ሲገባ ሱቃቸው ውስጥ ሐሜት የጀመረን ደንበኛ «ጾሜን አታበላሽብኝ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን መምሬ አትናገሪ ብለውኛልና ቻልኩት። ስድቡም እንደ ጾሙ አንድ ክፍል ተቆጠረልኝ እያልኩ ተጽናናሁ። ኮርታለች መባሌ አባቴ ጆሮ ገብቶ ኖሮ፣ ማታ «ድመቴ፣ ሰው የጠየቀንን እሺ ማለት ምን ይጎዳል?» አሉ።

ደብረ ዘይት ካለፈ በኋላ አባቴ ስልክ ቤት መጡ። ስልክ ቤት የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ የታጠበ ጋቢ ለብሰው የክት ባርኔጣቸውን ደፍተዋል። ተራ ጠብቀው «አዲስ አበባ» አሉኝና የወዳጃቸውን፣ የወጣቱን አጎት፣ የመሥሪያ ቤት ስልክ ቁጥር ነገሩኝ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ነበር። ለምን እንደሚደውሉ ለማወቅ ማዳመጥ አላስፈለገኝም። ሕይወቴ በዚያች ገመድ ውስጥ ሊያልፍ ነው፣ ገመዷን የምሰካው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰካሁ። «ሃሎ» አለ ወዳጃቸው። «ሃሎ» አሉ አባቴ። ቁልፏ አውራ ጣቴ ሥር ነበረች። ዛሬስ የሰው ወሬ አይደለም፣ የራሴ ጉዳይ ነው፤ ይሄስ ይፈቀዳል አልኩ። ደግሞ፣ ገመዱ የእኔ ቢሆንም ንግግሩ የእነሱ ነው አልኩ። የተጠራሽበትን ስሚ ብለውኛል መምሬ፤ እኔን ደግሞ የጠራኝ የለም። ቁልፏን መለስኩ፤ ማዳመጫውን አውልቄ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ፤ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ፣ መሐሉ ላይ ጠፋኝ፣ እንደገና ጀመርኩ።

ካቢን ውስጥ አባቴ ብዙ ተናገሩ። እንዲያ ሲናገሩ አይቻቸው አላውቅም። መሐል ላይ ዞር ብለው በመስታወቱ በቀጥታ፣ ዓይን ለዓይን አዩኝ። አባት ሲያይ ልጅ የምታደርገውን አደረግሁ፤ አንገቴን ሰበር አድርጌ እጅ ነሣሁ። ፊታቸው ፈካ። ንግግራቸውን ጨርሰው ወጡና ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ምሳ አቀረብኩ። አባቴ ደስ ብሏቸዋል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሆነው አላየኋቸውም። «ድመቴ» አሉ፣ «ከፋሲካ በኋላ ድግስ አለብን፤ ጌሾው ከአሁኑ ይገዛ።»

«የምን ድግስ?» አልኩ። ለድመቷ ሳይሆን ለእሳቸው።

አባቴ ቀና አሉ። «ቀልዱን ተዪው እንጂ። ፈቅደሽ የለም?»

«ለማን? መቼ?»

«ስልክ ቤት! ስትሰሚ አልነበር እንዴ?»

ያኔ የጾሜን ነገር መናገር ግድ ሆነብኝ። መምሬ ያሉኝን፣ ማዳመጫውን ምስማር ላይ እንደምሰቅል፣ ሐጂን «አልሰማሁም» ያልኳቸው እውነቴን እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ እጃቸውን ከገበታው አነሡ።

«እና እኔ ለማን ነበር የምናገረው?» አሉ።

«ምን ነበር ያሉት፣ አባባ?»

ድመቷን ፈለጓት፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ስለዚህ እኔኑ ማየት ግድ ሆነባቸው። «እናትሽ ብትኖር እሷ ትጠይቅሽ ነበር አልኩ» አሉኝ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየነቀሉ። «እኔ ለልጄ አፌ አይፈታልኝም አልኩት ለወዳጄ። አሁን ግን መስመሩ ላይ ናት፣ ትሰማናለች አልኩት። ከዚያ ላንቺ ተናገርኩ። ልጄ፣ በግድ አልሰጥሽም፣ ካልወደድሽው መስመሩን ቁረጪው፣ ሽማግሌም ይሁን ወዳጅ ቢቀየም እኔ አልቀየምሽም አልኩሽ። አየሁሽ። መስመሩን አልቆረጥሽም፤ ጭራሽ እጅ ነሣሽ።»

አለቀስኩ። ሐዘን አልነበረም። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ለመናገር ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ተራ ጠብቀው፣ ካቢን ውስጥ ገብተው ነበር።

«ታዲያ» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ትወጂዋለሽ ወይ?»

በሕይወቴ ፊት ለፊት የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። «አልወደውም» አልኳቸው፤ የተፍኪውን ሽማግሌና የመስታወቱን መንኳኳት ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ገበያ ላይ አብረዋቸው የሚስቁት እንደነዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ከዚያ ግን ፊታቸው ወደቀ፣ ምክንያቱንም አወቅሁት፤ ቃል ሰጥተዋል። ሰው በዕድሜው ሙሉ ሚዛኑን ሳያጓድል፣ ቃሉን ሳያጥፍ ኖሮ፣ ለሚያከብረው ወዳጁ «ልጄን ሰጥቻለሁ» ካለ በኋላ «ተውኩት» ማለት ምን እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። «ይበቃል፣ ብዪ» አሉኝ፤ እሳቸው ግን አልበሉም።

ሌሊቱን እሺ ልበላቸው ይሆን እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። የእሳቸው ቃል ከሚታጠፍ እኔ ብታጠፍ ይሻላል እያልኩ። ጠዋት ሳልነግራቸው ወደ ሥራ ሄድኩ።

ከቀትር በፊት መጡ። ያው ጋቢ፣ ያው ባርኔጣ። ተራቸው ሲደርስ ያንኑ ቁጥር ነገሩኝ፤ ዛሬ ሰሌዳውን ሳይሆን እኔን እያዩ። ከዚያ ወደ መስኮቴ ጠጋ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ «ይሄን ግን ስሚው፣ ልጄ» አሉኝ። «ስለ አንቺ ነው፤ እኔው ፈቅጄልሻለሁ።»

ጆሮዬ ምን ያህል እንደተራበ እግዚአብሔር ያውቃል። «አባባ» አልኳቸው፣ «አሁን ካደመጥኩ በገመድ ነው የምሰማዎት። ሲወጡ በአፍዎ ይንገሩኝ።»

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ገቡ። አገናኘሁ፣ ቁልፏን መለስኩ፣ ማዳመጫውን ሰቀልኩ።

አንድ ቃል አልሰማሁም፤ ሁሉንም ግን አየሁ። መጀመሪያ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ካቢን ውስጥ ማንም የለም፣ እሳቸው ግን አወለቁ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደረጉት፣ በደለኛ ከሽማግሌ ፊት ሲቆም እንደሚያደርገው። ወዲያኛው ሰው እየጮኸባቸው እንደሆነ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ ከማራቃቸው ታወቀኝ። አልመለሱለትም። ቱግ ሲሉ የማውቃቸው አባቴ፣ ገበያ ላይ በእህል ነገር ማንንም የማይፈሩት፣ ዝም ብለው ሰሙት። ሲጨርስ ጎንበስ አሉ፣ ጠረጴዛውን በግንባራቸው እስኪነኩ ድረስ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሊያየው የማይችለውን ስግደት ለስልኩ ሰገዱ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያያል። ከመካከላቸው ሐጂ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

ክዳኗ ጠብ አለች። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ወጡና መስኮቴ ላይ ቆሙ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ምንም ዝቅ ሳይሉ፣ ፊት ለፊት አዩኝ።

«እምቢ ብዬልሻለሁ» አሉ። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ አባባ» አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ መምሬ ጾሙን ሊፈቱልኝ ቢሉ እኔው እንዲቆይ ለመንኳቸው፤ ማዞሪያውን እስከለቀቅሁበት ቀን ጠበቅኩት። ሐጂም ከዚያ ወዲህ ለቤታቸው መልእክት ሲኖራቸው ራሳቸው ወደ ቤት ይደውሉ ጀመር። አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ እስኪያርፉ ድረስ ወጡ ጨው ሲበዛበት «ልጄ፣ ጨው በዝቶበታል» ይሉኝ ነበር። ድመቷን የሚያናግራት ጠፋ።